ረሀቡ ሲያልፍ ለምን አልተመለሱም? (የያዕቆብ ልጆች ወደ ግብፅ መውረድ)

ዋዜማ (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኦሪት ዘፍጥረትን ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ።

እስራኤላውያን ለምን ተሰደዱ ብትሉ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ "በረሀብ" ይላል። ልክ ነው። አብራም በረሀብ ወደ ግብፅ ወረደ (ምዕራፍ 12)። ይስሐቅ በረሀብ ወደ ጌራራ ሄደ (26)። ያዕቆብም በረሀብ ሰባ ነፍስ ሆኖ ጌሤም (ግብፅ ውስጥ ያለ ምድር) ገባ (46)። እስከዚህ ጥያቄ የለኝም።

ግን ሒሳቡን ሥሩት። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ማንነቱን ሲገልጥ ከረሀቡ ሁለት ዓመት አልፎ አምስት ቀርቶ ነበር (45፥6)። ያዕቆብ ፈርዖን ፊት ሲቆም 130 ዓመቱ ነው። ሲሞት 147። ስለዚህ ግብፅ ውስጥ 17 ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ረሀቡ ካለፈ በኋላ 12 ዓመት ያህል ሽማግሌው በሕይወት አለ፤ ልጆቹም ጎልማሶች ናቸው። ባርነት ገና አልመጣም። ፈርዖንም ወዳጃቸው ነው። ታዲያ ማን ያዛቸው?

ሌላም አለ። ይስሐቅ ረሀብ ሲመጣበት ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ተነገረው። ያዕቆብ ደግሞ ቤርሳቤህ ላይ መውረድን አትፍራ ተባለ። ያው ረሀብ፣ ያው ግብፅ፣ ትእዛዙ ግን ተቃራኒ። ምን ትላላችሁ?

---

ሐይቅ_ዳር

ነገሩን አታክብደው ወንድሜ። 47፥6ን እይ። ፈርዖን ለዮሴፍ ከወንድሞችህ መካከል ብልህ የሆኑትን በከብቶቼ ላይ ሹማቸው ይለዋል። የቤተ መንግሥት ከብት ሹም የሆነ ሰው ተመልሶ ኬብሮን ላይ የራሱን በግ ይጠብቃል? ሹመት ነው የያዛቸው። በቃ።

---

የቆሎ_ተማሪ

ሰላም ለቤቱ። በእኛ ጉባኤ ቤት ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አይሰጥም፤ "አንድም" እያልን ነው የምንሄደው። እኔም እንደዚያው ልመልስ።

አንድም፤ የወረዱት በረሀብ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ለፈርዖን ሲናገሩ ለበጎቻችን መሰማሪያ የለም፣ ረሀቡም በከነዓን ጸንቷል ነው ያሉት (47፥4)። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም።

አንድም፤ በቅንዓት ነው። ከዚህ ቤት መጀመሪያ ግብፅ ገብቶ የቀረው ያዕቆብ አይደለም፤ ዮሴፍ ነው። እሱም ተሰዶ አይደለም የሄደው፣ በሃያ ብር ተሽጦ ነው። ወንድማማቾች ባይመቀኛኙ ኖሮ ጌሤም የሚባል አገር መኖሩንም ላያውቁ ይችሉ ነበር።

አንድም፤ ቀድሞ የተነገረ ነው። አብርሃም ዘርህ ለእርሱ ባልሆነች ምድር ስደተኛ ይሆናል፣ 400 ዓመትም ይጨነቃል ተብሎ ነበር (15፥13)። ከሦስት ቁጥር በኋላ ደግሞ የመቆየታቸው ምክንያት ይመጣል። የአሞራውያን ኃጢአት ገና አልተፈጸመም ይላል። ምድሪቱ ባለቤት አላት፤ የባለቤቶቹ ጊዜ እስኪሞላ እነ ያዕቆብ ይጠብቃሉ።

ስለ ይስሐቅ የጠየቅከው ጥሩ ነው። ይስሐቅ ከሦስቱ አባቶች ከከነዓን ያልወጣ ብቸኛው ነው። ሚስት ሲፈለግለት እንኳ ሎሌው ነው የተላከው። አብርሃምም ልጄን ወደዚያ እንዳትመልሰው ብሎ አስምሎታል። ስለዚህ በአንድ ትውልድ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ምድሪቱን ሳይለቅ መኖር ነበረበት። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ መጽሐፉ እንዲህ ብሎ አልተናገረም።

---

ዋዜማ

የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሦስተኛው "አንድም" መልስ ግን የእግዚአብሔር ምክንያት ነው። እኔ የምጠይቀው የሮቤልንና የይሁዳን ምክንያት ነው። እነሱ ጠዋት ተነሥተው "እንሂድ ወይስ እንቆይ" ሲባባሉ ስለ አሞራውያን ኃጢአት የሚያወሩ አይመስለኝም።

---

ውሃ_መሐንዲስ

ሙያዬ ስለሆነ በውኃው በኩል ልግባ።

ከነዓን የሚዘንበው በክረምታቸው ነው፤ ደመናው ከሜዲትራኒያን ይመጣል። ግብፅ ግን ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል። የምትጠጣው የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ነው። የዓባይ ሙላት አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ጥቁር ዓባይ፣ ተከዜ (አትባራ)፣ ባሮ። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች አንድ ደመና አይጋሩም። ከነዓን ሲደርቅ ግብፅ ሞልቶ ሊያድር ይችላል። ለከነዓን እረኛ ግብፅ መውረድ የመጨረሻ ተስፋ ብቻ አልነበረም፤ የታወቀ መንገድ ነበር። አብራም የሄደበትም ይኸው ነው።

ይህን መጽሐፉ ራሱ ያውቀዋል። ዘዳግም 11፥10-11ን አንብቡ። ግብፅን እንደ አትክልት ቦታ በእግራችሁ የምታጠጧት፣ ከነዓንን ደግሞ ከሰማይ ዝናብ የምትጠጣ ምድር ብሎ ይለያቸዋል። የመስኖና የዝናብ እርሻን ልዩነት በሁለት ቁጥር!

የዮሴፍ ዘመን ረሀብ ግን ከሌሎቹ የተለየ ነው። ያኔ ግብፅም ደርቃለች። እንጀራ የተገኘው ወንዙ ስለሞላ ሳይሆን ጎተራው ስለሞላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የምርቱን አምስተኛ እጅ ሰብስበው አስቀምጠዋል። ስለዚህ የያዕቆብ ልጆች ያዩት አንድ ለም አገር ብቻ አይደለም፤ የሚሠራ መጋዘንና የሚሠራ መንግሥት ነው ያዩት። ረሀብ ሰባት ዓመት የሚቆይ ከሆነ ሰማይን ብቻ ወደሚጠብቅ አገር ልጆችህን ይዘህ ለመመለስ ትቸኩላለህ? እኔ አልቸኩልም።

---

ሐይቅ_ዳር

መሐንዲስ ጎተራውን አመሰገንከው፤ ሒሳቡን ግን አልነገርከንም። ምዕራፍ 47 መጨረሻ ላይ ዮሴፍ የግብፅን ሕዝብ ብር ጨረሰ፣ ከብት ጨረሰ፣ ከዚያ መሬቱንና ሰውነታቸውን ለፈርዖን ገዛ። ከዚያ በኋላ ገበሬው አምስተኛውን እጅ ለፈርዖን ይገብራል። በእርቦና በሲሶ ሲገብር ለኖረ የእኛ ጭሰኛ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ግን ባለርስት የነበረ ሰው በአንድ ድርቅ ጭሰኛ ሲሆን ቀላል አይደለም።

በዚያው ጊዜ የዮሴፍ ወንድሞች ምርጥ መሬት ተሰጥቷቸዋል፤ ምግባቸውም በነጻ ነው። አሁን ራሳችሁን ግብፃዊ አድርጉ። "ዮሴፍን የማያውቅ ንጉሥ" (ዘፀአት 1፥8) ሲነሣ ሕዝቡ ለምን ዝም እንዳለ አይገባችሁም?

---

ሰብለ_ዲሲ

ጥያቄው እዚህ ዲሲ አካባቢ ላለን ሰዎች ቅርብ ነው። "አምስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ስንቱ ነው! ማንም ቁጭ ብሎ "አልመለስም" ብሎ አይወስንም። ልጅ ትምህርት ይጀምራል፣ ቤት ይገዛል፣ አለቀ። 47፥27 የሚለውም ይህንኑ ነው። እስራኤል በጌሤም ተቀመጠ፣ ርስት ያዙ፣ በዙ።

ግን ማንም ያላነሣውን ልጨምር። እነሱ እኮ ተመልሰዋል! አንድ ጊዜ። ምዕራፍ 50 ላይ ያዕቆብ ሲሞት አስከሬኑን ይዘው ከነዓን ወጡ፤ በማክፌላ ዋሻ ቀበሩት። ሬሳው በሽቱ ታሽቷል፣ ለቅሶውም ትልቅ ነው። ከዚያ ወደ ግብፅ ተመለሱ። አገራቸው ላይ ቆመው፣ የአባታቸው መቃብር አጠገብ፣ ረሀቡም አልፎ፣ ፊታቸውን አዙረው ወደ ግብፅ።

ለምን? 50፥8ን ተመልከቱ። ሕፃናቶቻቸውን፣ በጎቻቸውንና ከብቶቻቸውን በጌሤም ትተው ነው የሄዱት። በቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ሠረገሎችና ፈረሰኞች አብረዋቸው አሉ። ክብር ነው ሊባል ይችላል። ጠባቂም ሊሆን ይችላል። ልጆቹ መያዣ የሆኑ መሰለኝ።

---

ዋዜማ

እህት ሰብለ፣ እዚህ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ይህ እኮ ዘፀአት 10 ነው! ሙሴ "እንሂድ" ሲል ፈርዖን መጀመሪያ ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ፣ ልጆቹ ይቅሩ አለ። ቀጥሎ ልጆቹም ይሂዱ፣ በጎችና ላሞች ይቅሩ አለ። ልክ ዘፍጥረት 50 ላይ የቀሩት እነዚያው ናቸው። ሙሴ አንዲት ሰኮና አትቀርም ያለው ለካ ያለ ነገር አይደለም።

---

ኦሜድላ

ይቅርታ፣ የጨዋታውን ደስታ ላበላሽ ነው። ስለ ሮቤልና ይሁዳ ሐሳብ ከመከራከራችን በፊት ታሪኩ ተፈጽሟል ወይ ብሎ መጠየቅ አይቀድምም? 600,000 እግረኛ ወንድ ሴትና ሕፃን ሳይቆጠር ከራምሴ ወጣ ይላል (ዘፀአት 12፥37)። ይህን የሚያክል ሕዝብ በሲና በረሃ 40 ዓመት ኖሮ አርኪዮሎጂስቶች ፈለጉን አላገኙትም። "እስራኤል" የሚል ስም ከግብፅ የተገኘበት ጥንታዊው ጽሑፍ የፈርዖን መርነፕታህ ሐውልት ነው፤ 1208 ቅ.ል.ክ. አካባቢ። እሱም እስራኤልን በከነዓን ያለ ሕዝብ አድርጎ ነው የሚጠራው።

ሆኖም ለዋዜማ ጥያቄ የሚጠቅም ነገር አለ። ቤኒ ሐሰን በሚባል ቦታ በአንድ ግብፃዊ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ከምሥራቅ የመጡ ሰዎች አህያና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ባለቀለም ልብስ ለብሰው ይታያሉ። ዕድሜው ከ1900 ቅ.ል.ክ. ብዙ አይርቅም። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቅ.ል.ክ. ደግሞ አንድ የድንበር ሹም ለአለቃው የጻፈው ደብዳቤ ተገኝቷል። ከኤዶም የመጡ እረኞችን ምሽጉን አሳልፈን ወደ ፊቶም ኩሬዎች አስገብተናል፣ እነሱም ከብቶቻቸውም እንዲተርፉ ይላል። በናይል ዴልታ ምሥራቅ አቫሪስ የምትባል ከተማ ነበረች። በከነዓን ሰዎች ተሞልታ በኋላ የሂክሶስ (ግብፅን የገዙ የውጭ ዘር) ነገሥታት መናገሻ ሆነች። ስለዚህ እረኛ ይወርዳል፣ ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ይቀራል። የያዕቆብ ቤት ታሪክ ይህን የመሰለ የብዙ ዘመን ትዝታ በአንድ ቤተሰብ ላይ የሰበሰበ ይመስለኛል።

---

ዋዜማ

ኦሜድላ፣ ደብዳቤው ግሩም ነው፤ ጌሤምን በዓይኔ አየሁት። ታሪኩ ሆኗል አልሆነም የሚለውን ግን ሌላ ክር ክፈትለት፤ እመጣለሁ። እዚህ የምጠይቀው ትረካው ምን ይላል ነው።

---

የቆሎ_ተማሪ

ትረካው ምን ይላል ካልን እኛ ዘንድ ዘፍጥረት ብቻ አይደለም ያለው። መጽሐፈ ኩፋሌን አትርሱ። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈ መጽሐፍ ነው፤ ዘፍጥረት ዝም ያለበትን ብዙ ቦታ ይሞላል።

አንደኛ፣ ታራ ከዑር ለምን ወጣ? ዘፍጥረት 11 ምክንያት አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ወጡ ይላል። ኩፋሌ ምዕራፍ 12 ግን አብራም በሌሊት ተነሥቶ የጣዖቱን ቤት አቃጠለ ይላል። ወንድሙ ሐራን ጣዖቶቹን ሊያድን ገብቶ እዚያው ተቃጠለ። ቤተሰቡ ከዑር የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በኩፋሌ የመጀመሪያው ስደት ረሀብ አላስነሣውም፤ ሃይማኖትና የእሳት አደጋ እንጂ።

ሁለተኛ፣ የዋዜማ ጥያቄ። ምዕራፍ 46 ላይ የከነዓን ንጉሥ ከግብፅ ንጉሥ ጋር ተዋጋ ይላል። የግብፁ ንጉሥ ተገደለ፤ የግብፅ በር ተዘጋ፤ የሚወጣም የሚገባም አልነበረም። ዮሴፍ አጥንቴን ስትወጡ ይዛችሁ ውጡ ብሎ ያስማለው ይህን ስላወቀ ነው። የአባቱን ሬሳ በሠረገላ ማውጣት ተችሎ ነበር፤ የእሱን ግን ማንም አያሳልፍም። በኋላ በሌላ ጦርነት ጊዜ የወንድሞቹን አጥንት አውጥተው ኬብሮን ቀበሩ፤ የዮሴፍ ቀረ። የሙሴ አባት እንበረም ከነዚያ ጋር ወጥቶ በኬብሮን ተራራ ከቆዩት አንዱ ነው።

ልጆቹ ለምን አልተመለሱም ብሎ የጠየቀ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊትም ነበረ ማለት ነው። መልሱም ድንበር ተዘጋ ነው።

---

ሰብለ_ዲሲ

የኔታ፣ ይህ ከዘፀአት 1፥10 ጋር እንዴት እንደሚገጥም! አዲሱ ፈርዖን የሚፈራው ብዛታቸውን ብቻ አይደለም። ጦርነት ቢነሣ ከጠላቶቻችን ጋር ተባብረው ይወጉናል፣ ከምድሪቱም ይወጣሉ ብሎ ነው የሚፈራው። እንዲሄዱለት የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይልም። ጉልበታቸውን ይፈልገዋል።

---

ናታንያ_ነዋሪ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ቤተ እስራኤል ነን። ወላጆቼ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግር ሱዳን ገቡ፤ መጠለያ ጣቢያ ከርመው ወደዚህ መጡ። በመንገድና በጣቢያው ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ነው።

ያ ዘመን ድርቅ ነበር፣ ጦርነትም ነበር። የውጭ ሰው ሲጽፈው "ረሀብና ጦርነት ያፈናቀላቸው" ይላል። እናቴ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። "እኛ ወደ ኢየሩሳሌም ነው የሄድነው፤ ሳይርበንም እንሄድ ነበር" ትላለች። በዚያው ድርቅ ሱዳን የገቡ ብዙ የትግራይ ገበሬዎች ዝናቡ ሲመለስ ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። የእኛዎቹ አልተመለሱም። በሬው ያለቀው የሁሉም ነው፤ የሚሄዱበት ግን አንድ አልነበረም።

የያዕቆብ ልጆች ነገር ለእኔ ግራ የሚሆነው በዚህ ነው። የተስፋይቱ ምድር ከኋላቸው ነው ያለችው። የእኔ እናት ወደ እሷ ስትሄድ አልተመለሰችም፤ እነሱ ከእሷ ወጥተው አልተመለሱም።

---

ሐይቅ_ዳር

እናትሽን ሰላም በይልኝ።

---

ነቢዩን_አንብቡ

ዘግይቼ ገባሁ። ከዘፍጥረት ወደ ኤርምያስ ልዝለል፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ራሳቸው ለምን እንደሚሰደዱ በአፋቸው የተናገሩት እዚያ ነው።

ኢየሩሳሌም በ586 ቅ.ል.ክ. ከፈረሰች በኋላ ባቢሎናውያን ጎዶልያስን በቀሪው ሕዝብ ላይ ሾሙት። ምጽጳ ላይ ተገደለ። ሕዝቡ የከለዳውያንን በቀል ፈርቶ ቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍሮ ኤርምያስን "ምን እናድርግ?" አለው። መልሱ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ቆዩ፣ ግብፅ አትሂዱ። እነሱ ግን ልባቸው ቀድሞ ሄዷል። 42፥14 ላይ ሐሳባቸው ተጽፏል። ጦርነት ወደማናይበት፣ የመለከት ድምፅ ወደማንሰማበት፣ እንጀራም ወደማንራብበት ወደ ግብፅ እንሄዳለን። ጦርነት፣ ድንጋጤ፣ እንጀራ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የስደት ምክንያት በመጽሐፉ ሁሉ አላገኘሁም። ኤርምያስንም አብረው ይዘውት ጣፍናስ (የግብፅ ከተማ) ገቡ።

አለመመለስንም ከፈለጋችሁ ባቢሎንን እዩ። ኤርምያስ 29 ለምርኮኞቹ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላል። ቂሮስ ባቢሎንን በ539 ቅ.ል.ክ. ያዘና መመለስ ፈቀደ። ዕዝራ 2 የተመላሾቹን ቁጥር 42,360 ይላል። ብዙዎች ግን ቀሩ። በባቢሎን አገር "የይሁዳ ከተማ" ትባል ከነበረች ሠፈር የተገኙ የሸክላ ጽሑፎች አሉ፤ አይሁድ እዚያ ሲያርሱ፣ ሲበደሩ፣ ግብር ሲከፍሉ ይታያል። ከተፈቀደላቸውም በኋላ ማለት ነው።

የሰማርያ ሰዎች ነገር ሌላ ነው። የአሦሩ ንጉሥ ሳርጎን 27,290 ሰው ማረክሁ ብሎ ጽፏል። እነሱን ማንም "ለምን ሄዳችሁ?" ሊላቸው አይችልም።

---

ዋዜማ

እንግዲህ ወደ ጌሤም ልመለስና አንድ የመጨረሻ ነገር። ስንት ዓመት ነው የቆዩት? 15፥13 400 ይላል፤ ዘፀአት 12፥40 ደግሞ 430። የሙሴን የትውልድ ሐረግ ስቆጥር ግን አልሞላ አለኝ። ቀዓት ከያዕቆብ ጋር ወርዷል፤ 133 ዓመት ኖረ። እንበረም 137 ኖረ። ሙሴ ሲወጡ 80 ነው። ሁሉም አባቱ በሞተበት ዓመት ተወለደ ብትሉ እንኳ ድምሩ 350 ነው።

---

የቆሎ_ተማሪ

የሰብዓ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) ንባብ ያዝ። "በግብፅና በከነዓን ምድር" የኖሩት 430 ዓመት ነው ይላል። ጳውሎስም ገላትያ 3፥17 ላይ ከተስፋው እስከ ሕጉ 430 ብሎ ይቆጥራል። አሁን አንተ ቁጠር። አብራም ከነዓን ሲገባ 75፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100፤ ይህ 25 ነው። ይስሐቅ ያዕቆብን ሲወልድ 60። ያዕቆብ ግብፅ ሲወርድ 130። ድምሩ 215 ይሆናል። ከ430 ስትቀንሰው ለግብፅ የሚቀረው ሌላ 215 ነው። እኩል በእኩል።

---

ሐይቅ_ዳር

ከ215 ውስጥ ዮሴፍ በሕይወት ያለበትን ቀንሱ። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30፣ ሰባት የጥጋብ ሁለት የረሀብ ዓመት ሲጨመር አባቱ ሲመጣ 39። በ110 ሞተ። ስለዚህ 71 ዓመት የገዛ ወንድማቸው ሥልጣን ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ያልኩት ሹመት ነው ነው፤ አሁንም አልተንቀሳቀስኩም።

---

ሰብለ_ዲሲ

71 ዓመት ማለት የልጅ ልጅ ማለት ነው። ከነዚያ ውስጥ ከነዓንን በዓይኑ ያየ ስንት ሰው ይቀራል?